አማቴ ከበደችኝ

ጥር 9

ለልጄ ጓደኛ፣

ባለቤቴ የሕፃኗን ሹራብ ትናንት ጨረሰች።

እንደምን ሰነበትክ? ጉልበትህስ ተሻለህ? እኛ ደህና ነን ማለት ልማድ ስለሆነ ደህና ነን። ልጃችን ባረፈ ጊዜ የጻፍክልን ደብዳቤ ደርሶናል። መልስ ሳልሰጥህ በመቆየቴ አትቀየመኝ። ብዙ ጊዜ ወረቀት ይዤ ተቀምጫለሁ፤ ደንበኛ ሲገባ ግን ደስ እያለኝ እነሳ ነበር። ፀጉር አስተካካይ መሆኔን ነግሮህ ይሆናል። እጄ የለመደው መቀስ እንጂ ብዕር አይደለም።

በደብዳቤህ መጨረሻ «አባባ፣ የምታዘዘው ነገር ካለ አይደብቁኝ» ብለኸኝ ነበር። አለ። የሚስቱን አድራሻ እፈልጋለሁ።

ማግባቱን በግልጽ አልነገረንም። የነገረን በመጨረሻው ደብዳቤው ነው፣ እሱም በዘወርዋራ። ዋናውን እናቱ ከትራሷ ሥር ስለማታወጣው በቃሌ የያዝኩትን ልጻፍልህ፦

«አባዬ፣ አማቴ ከበደችኝ። የማትጨምርብኝ ነገር የለም። ትናንት ገመድ አለች፣ ዛሬ የባትሪ ድንጋይ አለች፣ ነገ ደግሞ ውሃ ጨምር ትለኛለች። ከራሴ ነገር የተረፈኝ አንተ የሰጠኸኝ ቶንዶስ ብቻ ነው፤ እሱም ላይ ዓይኗን ጥላበታለች። አንዳንዴ መንገድ ዳር ጥያት ልሂድ እላለሁ። ትንሿ ግን አታስቸግርም። ቀኑን ሙሉ ከደረቴ አትወርድም፤ ሌሊትም እሷን አቅፌ ነው የምተኛው።»

ይህን ሳነብላት እናቱ አፏን በእጇ ያዘች። «ሴት ልጅ ናት!» አለች።

«ረጋ በይ እንጂ፣ መጀመሪያ የተነሳችው አማት ናት» አልኳት።

«አማት ያለ ሚስት ከየት ትመጣለች? ትንሿስ ያለ እናት?» አለችኝ። 

በማግስቱ ደብዳቤውን ሱቅ ይዤ ሄድኩ። ቤቱ ሙሉ ነበር። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው እንደ ወትሮው መስፊያውን ትቶ እኛ ዘንድ ተጥዷል፤ ታክሲ ነጂው ወንበር ላይ ነው፣ ግማሽ ፊቱ በአረፋ ተሸፍኗል። ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው።

«ገመድና የባትሪ ድንጋይ ካለች መብራት ያልገባበት ቤት ነው ያለችው። የውሃ ጉድጓድም አላት» አለ ልብስ ሰፊው።

«ቶንዶሱንስ ምን ልታደርገው ነው?» አልኩ።

«ጢም ይኖራታላ!» አለ ታክሲ ነጂው። ሊስቅ ሲል ምላጬ ጉንጩ ላይ ስለነበር ሳቁን ዋጠው።

መልሱን እዚያው ተጋግዘን ጻፍነው። «ልጄ፣ አማት ያልከበደችው ወንድ የለም። መንገድ ዳር ጥለሃት እንዳትሄድ። ጀርባህ ላይ ብትወጣም ተሸከማት።» ጀርባህ ላይ ብትወጣም የሚለው የታክሲ ነጂው ነው። ተሸከማት የሚለው የእኔ ነው።

ደርሶት እንደሆነ አላውቅም። ከዚያ በኋላ የመጣው ያንተ ደብዳቤ ነበር።

እናቱ ሹራቡን የሠራችው በግምት ነው፤ ሕፃን ቶሎ ያድጋል ብላ ሰፋ አድርጋዋለች። ሚስቱ ሐዘን ላይ ናትና አናስቸግራትም። ወዴት እንደምንልክ ብቻ ንገረን። አማትየውንም ካወቅሃት ሰላም በልልን።

የጓደኛህ አባት


የካቲት 2

ለአባባ፣

እንደምን ሰነበቱ? እማማስ እንዴት ናቸው? ሱቁስ? ልብስ ሰፊውንና ታክሲ ነጂውን ሰላም ይበሉልኝ፤ ልጅዎ ስለ እነሱ ብዙ አውርቶልናል።

መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ጉልበቴን ጠይቀውኛል፤ ይታጠፋል፣ ሲዘረጋ ግን ይንቋቋል። ከእንግዲህ ተራራ አትወጣም ተብዬ ዕቃ ግምጃ ቤት ተመድቤያለሁ። ቤቱ ረጅምና ጠባብ ነው፤ መስኮቱ ጣሪያው ሥር ስለሆነ ቀኑ መምሸቱን የምናውቀው መብራቱ ሲያስፈልገን ነው። ሙሉ ቀን ካልሲ፣ ኮዳና ብርድ ልብስ አድላለሁ። እርጥብ ሸራ ይሸታል። ከሥራ ወደ ቤት ስሄድ እንኳን ሽታው አይለቀኝም።

እዚህ ልጅዎን በስሙ የሚጠራው አልነበረም። ቶንዶስ ነበር የምንለው። ያረፍንበት ቦታ ሁሉ ሱቅ ነበር። ድንጋይ ላይ ያስቀምጠንና ከኋላችን ቆሞ «ቀና! ቀና በል! መሬት ውስጥ ምን ጠፍቶብህ ነው?» ይለናል። አባቴ እንዲህ ነው የሚለው ይል ነበር። አንድ ቀን መቶ አለቃውን ግማሽ ቆርጦት ሳለ ተነሱ ተባልን። መቶ አለቃው ግማሽ ፀጉሩን በኮፍያ ሸፍኖ ሄደ። «ጌታዬ፣ ቀሪውን ስንደርስ» ሲለው ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። ስንደርስም ጨረሰለት።

ያንን ቶንዶስ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬዋለሁ። ለእርስዎ ይገባል።

ስለ ባለቤቱ የጠየቁኝን አንብቤዋለሁ። አሁን ስላልመለስኩ ይቅር ይበሉኝ፤ አስቀድሜ የማጣራው ነገር አለ። እስከዚያ ግን ሹራቡን በፖስታ አይላኩት። ይጠፋል። እማማንም ትንሽ ይጠብቁ ይበሉልኝ።

አክባሪዎ፣
ረጅሙ (እሱ እንዲህ ነበር የሚለኝ)


የካቲት 20

ልጄ ረጅሙ፣

ቶንዶሱ በሰላም ደረሰ። ዘይት ልቀባው ብዬ ስከፍተው ጥርሱ መሃል ፀጉር አገኘሁ። የማን እንደሆነ እንጃ። ዘይቱን መልሼ አስቀመጥኩት፤ አላጸዳሁትም።

ሹራቡን አልላክነውም። ትንሽ ይጠብቁ ያልከውን ግን ለእናቱ ለመንገር ድፍረት አጣሁ። እሷ ጠብቃ አታውቅም። የልብስ ስፌት መኪናዋን ከትንሿ ክፍል አውጥታ ኮሪደር ላይ አድርጋዋለች፤ ስናልፍ ሁላችንም በጎን ነው የምናልፈው። ክፍሏ ውስጥ አልጋ ዘርግታለች። «እናትየው ልጇን ይዛ ብትመጣ የት ልታሳድራት ነው?» ትለኛለች። ለመድኃኒት ቤቷ ልጅ ደግሞ አያት ሆኛለሁ ብላታለች። ልጅቷ መንገድ ላይ ስታገኘኝ እንኳን ደስ አለዎት አለችኝ። አመሰገንኳት። 

አንተ ምን እንደምታጣራ ስገምት ሰነበትኩ። ሰርግ ሳይኖር የተጋቡ ከሆነ እኛ ግድ የለንም፤ ንገራት። እምነቷ ሌላ ከሆነም ግድ የለንም። ሌላ አግብታ ከሆነ ወጣት ናት፤ አንፈርድባትም፤ ሕፃኗን አንዴ ካየን ይበቃናል። አማትየው ናት ያስቸገረችህ? እንግዲህ እሷን ለእኔ ተዋት። ከእሷ የባሱ አሮጊቶች ሱቄ መጥተው የልጅ ልጆቻቸውን ፀጉር አበላሸህ ብለው ጮኸውብኝ ያውቃሉ።

ቀልዱ ይቅርና አንድ ነገር ላስረዳህ። እናቱ ልጃችን ያረፈ ጊዜ ከአልጋ አልወረደችም ነበር። የወረደችው ያንን ደብዳቤ እንደገና ካነበበች በኋላ ነው። ከልጄ የተረፈ ሰው አለ ብላ ነው ጠዋት የምትነሳው። ስለዚህ የምታጣራውን አጣራና ክፉም ሆነ ደግ ጻፍልኝ። ለእሷ እንዴት እንደሚነገር እኔ አውቃለሁ።

አባትህ


መጋቢት 6

አባባ፣

ይህን ደብዳቤ ሱቅ ውስጥ ጮክ ብለው አያንብቡት። ለብቻዎ ይሁኑ።

የማጣራው ነገር አልነበረም። ያንን የጻፍኩት ስለፈራሁ ነው።

ሚስት የለችም። ሕፃንም የለችም። አማት የምንለው የጀርባ ቦርሳችንን ነው።

ስለ ጓዛችን በደብዳቤ መጻፍ ክልክል ነበር፤ ምን እንደያዝን፣ ምን ያህል እንደሚከብድ፣ ምንም። ደብዳቤ ሁሉ ከመታሸጉ በፊት ይነበባል። ስለዚህ ከእኛ በፊት የነበሩት ያወጡላት ስም ነው። ጀርባ ላይ ተቀምጣ ትቆጣጠራለች፣ የሰጧት አይበቃትም፣ ትተዋት መሄድ ደግሞ አይቻልም። ሁላችንም ለቤተሰቦቻችን «አማቴ ደህና ናት»፣ «አማቴ ከበደችኝ» እያልን ጽፈናል። ገመዱ ወንዝ መሻገሪያ ነው። የባትሪ ድንጋዩ የሬዲዮው ነው። ትንሿ ደግሞ ደረት ላይ የምትታሰረው ኪስ ናት፤ ፋሻና ጥይት ይያዝባታል። ሌሊትም እንዳናወልቃት ታዘን ነበር፤ አቅፈናት እንተኛለን።

ልጅዎ ሊያሞኛችሁ ብሎ አልጻፈም። ታውቃላችሁ ብሎ ነው። ከእኛ አንዱ እረፍት ወጥቶ ወደ ከተማችሁ ሲመጣ «አባቴ ሱቅ ግባና አማታችን ማን እንደሆነች ንገረው» ብሎ ልኮት ነበር። ልጁ መጥቷል። እርስዎ ራስዎ ፀጉሩን ቆርጠውለታል። ቤቱ ሙሉ ስለነበረ አፍሮ ሳይነግርዎ ወጣ። ይህን እንኳ የነገረን ኋላ፣ ልጅዎ ካረፈ በኋላ ነው።

መልስዎ ግን ደርሶት ነበር። ተሰብስበን አነበበልን፤ እስኪያመን ሳቅን። «አባዬ እውነት መስሎታል! በሚቀጥለው አስረዳዋለሁ» አለ። ያን ሰሞን ሁሉ ደስተኛ ነበር።

እማማን ምን እንደሚሏቸው ልነግርዎ አልደፍርም። ሌላም ነገር ልጽፍልዎ አስቤ ነበር፤ አንድ ወታደር ምን ያህል መሸከም አለበት የሚለውን የሚወስን ኮሚቴ ተቋቁሟል፤ እኔም ከግምጃ ቤቱ ቃል እንድሰጥ ተጠርቻለሁ። አሁን ግን ጊዜው አይደለም።

ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ረጅሙ


መጋቢት 24

ልጄ፣

ደብዳቤህን ሱቁን ዘግቼ አነበብኩት። ደንበኛ በመስታወቱ በኩል ሲያየኝ ነበር፤ በእጄ ሂድ አልኩት።

ለእናቱ አልነገርኳትም። ለእሷ እንዴት እንደሚነገር አውቃለሁ ብዬ ጽፌልህ ነበር። አላውቅም።

ያንን ፀጉሩን የቆረጥኩለትን ልጅ ላስታውሰው ሞከርኩ። አልቻልኩም። ወታደር ብዙ ይመጣል፤ ማጅራታቸው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው።

አሁን የምጠይቅህ አንድ ነገር ብቻ ነው። ሰው ወንበሬ ላይ ተቀምጦ ያልወደደው ወሬ ሲነሳ አንገቱን ዞር ያደርጋል፤ ምላጩ ያንን ያውቃል። አንተም «ያን ሰሞን ሁሉ ደስተኛ ነበር» ካልክ በኋላ አንገትህን ዞር አድርገሃል። ጀርባህ ላይ ብትወጣም ተሸከማት ብዬ ጽፌለት ነበር። ቦርሳ ስለመሆኗ አላወቅኩም። እሱ ግን ያውቅ ነበር።

በመጀመሪያው ደብዳቤህ ወንዝ ወሰደው ብለኸን ነበር። ወንዙ ዳር ሲደርስ ቃሌን አንስቷል ወይስ አላነሳም?

አትዋሸኝ። ከዋሸኸኝ አውቃለሁ።

አባቱ


ሚያዝያ 12

አባባ፣

አንስቷል።

ወንዙ ዘንድ ስንደርስ መቶ አለቃው «የከበደው ቦርሳውን ያውርድ፤ ኋላ በገመድ እንስበዋለን» አለ። ልጅዎ ሳቀና «አባቴ ጀርባህ ላይ ብትወጣም ተሸከማት ብሎኛል» አለ። ሁላችንም ሳቅን። መቶ አለቃውም ሳቀ። ከዚያ በኋላ የሆነውን አልጽፈውም፤ እርስዎም አይጠይቁኝ።

ይህን ካልጨመርኩ ግን የነገርኩዎ ግማሹን ብቻ ይሆናል። ማንም አላወረደም። ያወረደ ሰው ማዶ ቆሞ፣ ልብሱ ከላዩ ላይ እየተንጠባጠበ፣ ሌላው ሲጎትትለት ሊያይ ነው። ይህን የሚወድ ወጣት አልነበረም። ሌላው ካላወረደ እኔም አላወርድም ነው ነገሩ። የእርስዎ ቃል ባይኖር ኖሮ ልጅዎ ሌላ ቀልድ ይፈልግ ነበር።

አሁን የፈራሁትን ልጠይቅዎ። ስለ ጓዝ ኮሚቴው ጠቅሼልዎ ነበር። ቃሌን ሰጥቻለሁ፤ ወዴት እንዳዘነበሉም ሰምቻለሁ። የግል ዕቃ ይከልከል ሊሉ ነው። ነገሩን እንዲህ ይመልከቱት፦ ውሃ አይቀነስም፤ ጥይት አይቀነስም፤ ገመዱና ባትሪው የጋራ ነው፣ አይቀነስም። ታዲያ የቀረው ምንድን ነው? እናት የሠራችው ሹራብ፣ ፎቶ፣ መስታወት፣ ቶንዶስ። የልጅዎን ቦርሳ ኋላ የፈታሁት እኔ ነኝ። የራሱ የሆነው ነገር በሙሉ አንድ እጄ ላይ አልሞላም፤ የእርስዎን ደብዳቤ ጨምሮ። የቀረው ሁሉ የጋራ ነበር። ያችን አንድ እጅ ነገር ከልክለው ሸክሙን ቀነስን ሊሉ ነው። የሚቀጥለው ልጅ ያንኑ ሸክም ይዞ፣ ቶንዶስ ሳይኖረው፣ ወንዙ ውስጥ ይገባል።

እኔ የምለው ሌላ ነው። የጋራው ለየሰው በልኩ ይከፋፈል፤ የተረፈው በመኪና ይከተል። ሰው ግን የራሱ የሆነ አንድ ነገር ይያዝ። ልጅዎን ቶንዶሱን ብንወስድበት ማን ብለን ልንጠራው ነበር?

ሰብሳቢው ሰምቶኝ «ጥሩ፤ ግን ስለ ክብደት አንድም ወታደር በጽሑፍ አላማረረም» አለኝ። እንዴት ያማርር? ክልክል ነበር። ስለ አማቶቻችን ነው ያማረርነው ስለው ጸሐፊው እስክሪብቶውን ጥሎ ሳቀ። ከዚያ ከየቤተሰቡ ደብዳቤ ማሰባሰብ ጀመርኩ። አብዛኛው ከበደችኝ ብሎ ያልፋል። ምን እንደጨመረችበት አንድ በአንድ የጻፈው የእርስዎ ልጅ ብቻ ነው። ገመድ ብሏል፤ የባትሪ ድንጋይ ብሏል፤ ውሃ ብሏል፤ ከራሴ የተረፈኝ ቶንዶስ ብቻ ነው ብሏል። ከዚህ የተሻለ ምስክር የለም።

ግልባጭ አይበቃቸውም። የእጅ ጽሑፉን ማየት፣ አባትየውንም ቀርቦ የልጄ ነው ሲል መስማት ይፈልጋሉ። ኮሚቴው የሚቀመጠው ማክሰኞ ግንቦት 17 ነው። አንድ ነገር መደበቅ የለብኝም፦ ውሳኔው ከነማስረጃው በሬዲዮ ይነበባል። እማማ ሬዲዮ እንደሚያዳምጡ ልጅዎ ነግሮናል።

እንቢ ቢሉኝ አልቀየምም። የልጅዎን ቦርሳ ልኬያለሁ፤ ባዶ ናት። ይህን ለማድረግ ማንንም አላስፈቀድኩም።

ረጅሙ


ግንቦት 13

ልጄ ረጅሙ፣

አማትየዋ ማክሰኞ ገባች።

ያመጣት ልጅ ሱቅ በር ላይ አስቀምጧት ሄደ። ሦስተኛው ወንበር ላይ አደረግኳት፤ መርገጫው ከተሰበረ ወዲህ ማንም አይቀመጥበትም። ሸራዋ ላይ ውሃው የደረሰበት መስመር ይታያል።

ልብስ ሰፊውና ታክሲ ነጂው እንደገቡ ነገርኳቸው። ልብስ ሰፊው ስፌቷን በጣቱ እየዳሰሰ ቆየ። ታክሲ ነጂው አፍ ያጣ ሰው አልነበረም፤ ያን ቀን ግን ጢሙን እስክጨርስለት ድረስ በመስታወቱ ቦርሳዋን ያይ ነበር። ሲነሳ «ጀርባህ ላይ ብትወጣም ያልኩት እኔ ነኝ» አለ።

«ተሸከማት ያልኩት እኔ ነኝ» አልኩት።

«ሌላ ቀልድ ይፈልግ ነበር» ያልከውን ለእሱም አነበብኩለት። ልታጽናናኝ ብለህ እንደጻፍከው አውቃለሁ። እውነት ሊሆንም ይችላል። እሱ ሁለቴ አስነበበኝ።

በማግስቱ ሦስታችንም ሳንነጋገር ሞላናት። ልብስ ሰፊው ገመድ አመጣ። ታክሲ ነጂው ውሃ የሞሉ ጀሪካኖች ከመኪናው ኋላ አወረደ። ጎረቤታችን ሬዲዮ ጠጋኙ ያረጁ የባትሪ ድንጋዮቹን በከረጢት ላከልን። በጥይቱ ፈንታ የልብስ ሰፊውን ያረጁ የመተኮሻ ካውያዎች ከተትን። ልክ መሆኑን አላውቅም፤ አንተ ብትኖር ትነግረን ነበር። አሳዘሉኝ። ደረቴ ላይ ያለውን ማሰሪያ ታክሲ ነጂው ቆለፈልኝ። በሩን ስወጣ አስፋልቱ ላይ የቆሙ ወጣቶች «ጋሼ፣ ዘመቻ ነው?» አሉኝ። «አማቴን ላደርስ ነው» አልኳቸው፤ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ ሳቁ እንዴት ቶሎ እንደሚመጣ ያኔ ገባኝ።

መድኃኒት ቤቱ ድረስ ሄድኩ። እዚያ ትንፋሼ አለቀ። ማሰሪያውን ልፈታ ብል ክብደቱ ወጥሮታል፤ በደረቅ መሬት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የሚያጣድፈኝ ሳይኖር፣ በራሴ እጅ ልፈታው አልቻልኩም። ሮጦ መጥቶ የፈታልኝ ልብስ ሰፊው ነው። ይህን ለኮሚቴህ እነግራቸዋለሁ። ለመናገር ደብዳቤ አያስፈልገኝም።

ለቀረው ግን ያስፈልገኛል። አንተ ልክ ነህ። እኔ የሸክሙን ክብደት መናገር እችላለሁ፤ ከውስጡ የማን የማን እንደነበረ የሚናገረው እሱ ብቻ ነው። ያንን ቶንዶስ እኔ ነኝ የሰጠሁት። ያከበደው ቶንዶሱ ነው ተብሎ ሲነበብ ተቀምጬ መስማት አልችልም።

ለእናቱ ስለ ወታደሮች ጓዝ ቃል ልሰጥ ተጠርቻለሁ፣ ሰኞ እሄዳለሁ ብያት ነበር። የተረፈውን አልነገርኳትም። ትናንት ማታ ስዘጋ ልትጠራኝ መጣች። ቦርሳዋን አራግፈናት ወንበሯ ላይ መልሰናት ነበር።

«የማን ነው?» አለች።

«የእሱ ነው» አልኳት።

እጇን ኪሶቹ ውስጥ አስገብታ አንድ በአንድ ፈተሸች። ባዶ ናቸው። ከዚያ ወንበሩን በመሐረቧ ጠረገችለት፤ ቦርሳው እንግዳ ይመስል።

«የምትሄድበት መንገድ በሚስቱ አገር ያልፋል?» አለችኝ።

«ያልፋል» አልኩ። አፌ ቀደመኝ።

ወደ ቤት ሄደች፤ ሹራቡን በጋዜጣ ጠቅልላ ተመለሰች። የልጃችን ቦርሳ ውስጥ ከታ ማሰሪያውን ቆለፈች። ጠበቅ አደረገችው።

«አማትየውን እንዳትቆጣት» አለችኝ። «ሸክም የበዛባት ሴት ሳትሆን አትቀርም።»

ፊቷን በመስታወቱ አየሁት። የሰው ፊት በመስታወት ማንበብ ሥራዬ ነው። የእሷን ማንበብ አቃተኝ። መብራቱን አጥፍተን ወጣን፤ ቦርሳዋን እሷ ነበረች የያዘችው። ልቀበልሽ ብላት «ቀላል ናት» አለችኝ።

አሁን እንግዲህ እንዲህ ነው። ደብዳቤው ትራሷ ሥር ነው። ትራሱን ሳታነሳ አትተኛም፤ ብወስደው በዚያው ማታ ታውቃለች። ባልወስደው ባዶ እጄን እመጣለሁ፤ ሊሉ ነው ያልከውንም ይላሉ። ብነግራት ደግሞ ትንሿ ክፍል ውስጥ የዘረጋችው አልጋ አለ። ከሬዲዮ ከምትሰማ ከእኔ ብትሰማ ይሻላል እያልኩ አድራለሁ፤ ጠዋት ስትነሳ ሳያት ሱቅ ልክፈት ብዬ እወጣለሁ።

ስመጣ በር ላይ ጠብቀኝ፤ መልክህን ስለማላውቀው ረጅም ሰው ካየሁ ሁሉ ሰላም እላለሁ። ቶንዶሱንም ይዤልህ እመጣለሁ። ፀጉርህ ካደገ እቆርጥሃለሁ።

አውቶቡሱ የሚነሳው ሰኞ ጠዋት ነው። ዛሬ ዓርብ ነው።

አባትህ